እናንተው የመረጣችሁት መሬት

ወንድሜን ከዚያ ሼድ ለማስወጣት ያልሞከርኩት ነገር የለም። ለምኜዋለሁ፣ ሰድቤዋለሁ፣ አኩርፌዋለሁ፣ አባታችንን ልኬበታለሁ። አንድ ጊዜ በስልክ «እዚያ ውስጥ ከሞትክ ሁለተኛ እንዳታናግረኝ!» ብዬው እሱ በሳቅ ሲንከተከት፣ እኔ ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ። የሰው እህት ወንድሟን ከጫት ቤት ታወጣለች፣ ከመጥፎ ጓደኛ ታስጥላለች። እኔ የማስለቅቀው ግን ከገዛ ሥራ ቤቱ ነበር። ምን ትፈልጋለህ ተብሎ ተጠይቆ፣ እጁን አውጥቶ መርጦ፣ ሽማግሌ መርቆት የገባበት ቤት። እንዲህ ካለ ቦታ ሰው በምን ይወጣል?

ሼዱ ያለው ከሞጆ ወደ መቂ በሚወስደው መንገድ ላይ ካሉት ትንንሽ ከተሞች በአንዷ ነው። ስሟን አልጠራም፤ ሰዎቹ አሁንም እዚያው ናቸው። የዓለም ጤናን ከተማ የሚያውቅ ሰው ዓይነቷን ያውቃታል። ግራና ቀኝ ሽንኩርትና ቲማቲም፣ መሐል ላይ አስፋልት፣ አስፋልቱ ዳር ጆንያና ሳጥን የሚጭኑ አይሱዙዎች። ወንድሜ አዳማ ተወልዶ አድጎ እዚያ የሄደው ለፓምፕ ነው። ገበሬው ሁሉ ውሃ የሚስበው በሞተር ነው፣ ሞተር ደግሞ ይበላሻል፤ ወንድሜ የሞተ ሞተር ያስነሣል፣ የተሰበረ ብረት ይበይዳል። እጁ የተባረከ ነው። ግን ከአንድ ሻይ ቤት ጀርባ፣ ላስቲክ ወጥሮ ነበር የሚሠራው። ዝናብ ሲመጣ ማሽኑን እንደ ሕፃን አቅፎ ወደ ሻይ ቤቱ ይሮጣል። ለሼድ ተመዝግቦ ተራ ሲጠብቅ ጢም አበቀለ።

እኔ በዚያን ጊዜ አዳማ ነበርኩ። ሶሺዮሎጂ አጥንቼ፣ በማዕረግ ተመርቄ፣ በአባቴ የመለዋወጫ ሱቅ የፍሬን ሸራ እሸጥ ነበር። ዲግሪዬን አባቴ ራሱ በፍሬም አስገብቶ ከባትሪ መደርደሪያው በላይ ሰቅሎታል፤ ደንበኛ ዋጋ ሲከራከር «ከምሁር ጋር ነው የምትከራከረው» እያለ ያሾፍብኛል። ታዲያ ወጣቱን በፖሊሲና በፕሮግራም ቀረጻ የሚያሳትፍ አንድ ፕሮጀክት አማርኛና ኦሮምኛ የምትችል አወያይ ይፈልጋል ሲባል ሰምቼ ተወዳደርኩና አለፍኩ። አባቴ ከወሎ መጥቶ አዳማ ላይ ጥርሱን የነቀለ ነጋዴ ነው፤ ነገር ማለስለስ አያውቅም።

«ወጣቱን ምንድን ነው የምትጠይቁት?» አለኝ።

«ምን እንደሚፈልግ።»

«ሥራ ነዋ! ይቺን ለመጠየቅ ነው ላንጋኖ ድረስ የሚወስዷችሁ?»

የቡድን መሪያችን ከአዲስ አበባ የመጣች ሴት ነበረች። ጥሩ ሰው ነበረች፤ ይህን ቀድሜ ልናገር፤ በኋላ የምለው ስለሷ ክፋት አይደለም። የመጀመሪያ ትእዛዟ አንድ ነበር። በወጣቱ መድረክ ላይ ትልልቅ ሰው አይናገርም። ኃላፊም ቢሆን፣ ሽማግሌም ቢሆን፣ አባትም ቢሆን። ትልልቆቹ መጥተው ይቀመጣሉ፣ ያዳምጣሉ፣ መጨረሻ ላይ ይመርቃሉ፣ በቃ። እኔ ይህን ስሰማ ደስ አለኝ። እኛ አገር የወጣት ስብሰባ ማለት አንድ ትልቅ ሰው መክፈቻ ንግግር ሲያደርግ ምሳ ሰዓት የሚደርስበት ነገር ነው። አንዴ እንኳን አፋቸውን ይያዙልን እንጂ!

ላንጋኖ ላይ ሐይቁ ዳር፣ ጣራው ሣር የሆነ አዳራሽ ውስጥ ተሰበሰብን። ከየከተማው ከመጡት ወጣቶች ብዙዎቹ ላንጋኖን ከመኪና መስኮት በቀር አይተውት አያውቁም፤ እዚሁ አፍንጫው ሥር ተወልደው። ወንድሜም ከተማዋን ወክሎ መጥቷል፤ እኔ ሳልሆን ጓደኞቹ ናቸው የመረጡት። መጀመሪያ ላይ ማንም የልቡን አልተናገረም። የስብሰባ አማርኛ ያውቃሉና «ጅምሩ ይበል የሚያሰኝ ነው፣ ተጠናክሮ ይቀጥል» ብለው ይቀመጣሉ። በነጋታው ግን ወንድሜ ማርከሩን ከእጄ ቀማኝና ተነሣ።

«እኛ ሥልጠና አንፈልግም» አለ። «ሠልጥነናል። ስለ ሥራ ፈጠራ ሠልጥነናል፣ ስለ ቁጠባ ሠልጥነናል። እኔ ወላሂ ስለ ዶሮ እርባታ ሠልጥኛለሁ፤ በያጅ ነኝ! ጣራ ስጡን። ጣራ፣ መብራት፣ አስፋልት። ሌላውን ለኛ ተዉት።»

አዳራሹ ተናጋ። ከዚያ በኋላ ማን ያስቁማቸው። አንዱ ስለ ሽንኩርት መበስበስ፣ አንዷ ስለ ስፌት፣ አንዱ ስለ ብድር ተናገረ፤ ግድግዳው በባለቀለም ወረቀት ተሸፈነ። የቡድን መሪዋ እንባ አቀረረች። እኔም ኮራሁ፤ ወንድሜ ነው እኮ! በዚያ ቀን ሐይቁ ላይ ስትጠልቅ ያየኋት ፀሐይ አሁንም ትዝ ትለኛለች፤ ቀይ ነበረች፤ ውሃውም እንደ ወትሮው ቡናማ ነበር፤ እኔ ግን አንድ መልካም ነገር ሲጀመር ያየሁ መስሎኝ ነበር።

በመጨረሻው ቀን ወንድሜ ከሚሠራባት ከተማ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ መጣ። ትእዛዙን አክብሮ ንግግር አላደረገም፤ ምርጫ ብቻ ይዞ መጣ። ለከተማዋ ወጣት ሼድ ይሠራል፣ ሦስት ቦታ አለ፣ ወጣቱ ራሱ ይምረጥ። አንደኛው ከእርሻው ማዶ ነው፣ መንገድ የለውም። ሁለተኛው በካሳ ምክንያት ገና በክርክር ላይ ያለ ነው። ሦስተኛው አስፋልቱ ዳር፣ ሰፊ፣ ሜዳ፣ ማንም የማይጠይቀው፣ ከነገ ጀምሮ የሚያዝ። ይህ ምርጫ ነው? ለተራበ ሰው ድንጋይ፣ ቅጠልና ዳቦ አቅርቦ ምረጥ እንደ ማለት ነው። አንዲት ልጅ ግን እጇን አወጣች።

«እንዲህ ያለ ቦታ አስፋልት ዳር እስካሁን ለምን ባዶ ሆነ?»

ኃላፊው ፈገግ አለ። «ለእናንተ ተጠብቆ ነዋ!»

ሁሉም ሳቀ፣ አጨበጨበ። እኔም ስቄያለሁ። ከዚያ እጅ ይውጣ ተባለ፣ እጁ ሁሉ ወጣ። የቡድን መሪዋ በስልኳ ቀረጸችው። ያን ቪዲዮ በኋላ የት እንደማየው ባውቅ ኖሮ ስልኳን ነጥቄ ሐይቁ ውስጥ እጥለው ነበር።

ምርቃቱ የተደረገው ቦታው ላይ ነው። ድንኳን ተተከለ፣ ውሃና ለስላሳ ተደረደረ፣ ወጣቱ አዲስ ካናቴራ ለበሰ። ሽማግሌዎቹ በወንበር ተቀመጡ። ዝም ብለዋል። እንዲያው ዝምታቸው ሲከብደኝ፣ ምናልባት አትናገሩ መባላቸው ከፍቷቸው ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ዓይናቸው ግን እኛ ላይ አልነበረም፤ መሬቱን ነበር የሚያዩት። እኔም አየሁት። ሜዳው ደርቆ ቢጫ ሆኗል፤ መሐሉን አቋርጦ ግን አንድ ቀጭን መስመር ሣር አረንጓዴ ነው። ማን አጠጣው አልኩና ተውኩት።

ከሽማግሌዎቹ ሁሉ በዕድሜ የሚበልጡ የሚመስሉ አንድ አዛውንት በትራቸውን ተደግፈው ተነሡና በኦሮምኛ መረቁ። የሽማግሌ ምርቃት ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼ አድጌያለሁ፤ ዝናብ ይምጣ፣ ሰላም ይሁን፣ ውለዱ፣ ክበሩ ነው። እርሳቸው ግን በ«ላፍቲ» ጀመሩ፣ ምድር ማለት ነው። ምድሩ ይጽናላችሁ አሉ። አሜን አልን። ዝናቡን ጠሩ፣ ሰላሙን ጠሩ፣ እንደገና ወደ ምድሩ ተመለሱ። ምድሩ ይሸከማችሁ። አሜን። ልንጨርስ ነው ስንል በትራቸውን መሬቱ ላይ ተክለው፣ ድምፃቸው እየተንቀጠቀጠ፣ ምድሩ አይክዳችሁ አሉ። ወንድሜ ከሁሉም በላይ ጮክ ብሎ አሜን አለ። የቡድን መሪዋ ምን አሉ ብላ ጠየቀችኝ። «መሬቱን ነው የመረቁት» አልኳት። «እንዴት ያምራል!» አለች።

ግንባታው ፈጠነ። ብሎኬት ቆመ፣ ቆርቆሮ ተመታ፣ በር ተገጠመ። ወንድሜ የመጀመሪያውን ክፍል አገኘ፤ የማኅበሩም ሊቀመንበር ሆነ። አባቴ ደስታው አላስችል ብሎት ከአዳማ አንድ ትልቅ ሞርሳ ገዝቶ፣ በሚኒባስ ጭኖ፣ ራሱ ይዞለት ሄደ። ብረት መያዣው በመሥሪያ ጠረጴዛው ላይ ሲታሰር ወንድሜ እያየ እንደ ልጅ ይስቅ ነበር። አባቴ ወለሉን በጫማው መታ መታ አደረገ። «አልሐምዱሊላህ፣ በቃ የራስህ ቤት ነው» አለው። ያን ቀን ጥብስ በላን፣ ፎቶ ተነሣን። ሰው ሁሉ ከአስፋልቱ ቆሞ ይገባል፤ ፓምፕ በጋሪ ይመጣል፣ በባጃጅ ይመጣል። ወንድሜ ወፈረ።

በመጀመሪያው በልግ በሩ አልዘጋ አለ። «ብረት ይሰፋል» አለና በግራይንደር ሞረደው። ጥቂት ቆይቶ እንደገና አልዘጋ አለ፣ እንደገና ሞረደው። ስሄድ ወለሉ ላይ፣ ከበሩ ተነሥቶ እስከ ኋላው ግድግዳ የሚሄድ፣ ከፀጉር የማይወፍር መስመር አየሁ።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ሲሚንቶ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ የኔ ምሁር። ሶሺዮሎጂ ላይ አላስተማሩሽም?»

ሲሚንቶ በጥብጦ ደፈነው። በሚቀጥለው ስመጣ ድፍኑ ራሱ ለሁለት ተከፍሏል። አቧራ እንዳይነሣ ወለሉ ላይ ውሃ ይረጫል፤ ውሃው ወደ በሩ መፍሰስ ሲገባው ወደ መስመሩ ይሄድና ይጠፋል። አንድ ባልዲ ሙሉ ደፋሁ። ጠፋ። ሌላ ባልዲ ደፋሁ፣ እሱም ጠፋ። ቀና ብዬ ወንድሜን አየሁት። ፊቱን አዞረ። ያን ጊዜ ነው እሱም እንደሚያውቅ ያወቅሁት።

ምድር የሚንቀጠቀጥበት ሰሞን ነበር። አዳማ ላይ ሳይቀር ሱቃችን ውስጥ የተደረደረው ፍሬን ሸራ ይንቀጫቀጭ ነበር፤ አባቴ «ላ ኢላሃ ኢለላህ» እያለ ወደ ደጅ ይወጣል። እኔ በዚያች ቅጽበት የማስበው ስለኛ ሱቅ አልነበረም። ስልኬን አንሥቼ እደውላለሁ። ወንድሜ «ደህና ነኝ፣ አትጨናነቂ አቦ» ይላል። ከኋላው የግራይንደሩ ድምፅ ይሰማል። እንቅልፍ አጣሁ፤ ስበላ አይጥመኝም።

በመጨረሻ አዛውንቱን ፍለጋ ሄድኩ። ቤታቸው ከከተማዋ ወጣ ብሎ ነው፤ ከግራር ሥር ቁጭ ብለው አገኘኋቸው። በኦሮምኛ ሰላም አልኳቸው፣ አወቁኝ። ለምን እንደመጣሁ ገና ሳልናገር «ተከፈተ?» አሉኝ።

«አባባ፣ ያውቁ ነበር?»

«ኢንተላ ኮ» አሉ፣ ልጄ ሆይ ማለታቸው ነው፤ «እኔ ጎልማሳ ሳለሁ፣ ከባድ ዝናብ የዘነበ ክረምት፣ ያ ሜዳ ለሁለት ተከፈለ። ድንጋይ ብንወረውርበት ሲያርፍ አይሰማም። የአንድ ሰው በሬ ገባበት፤ ሲጮኽ ዋለ፣ ከዚያ ዝም አለ። በኋላ በመኪና ድንጋይና ገረጋንቲ አምጥተው ሞሉት። ሣር በቀለበት። እኛ ግን ከብት አናሰማራበትም።»

ደሜ ፈላ። ትልቅ ሰው ናቸው፣ አልቆጣም ብዬ ነበር፤ አልቻልኩም። «ታዲያ ለምን አልተናገሩም? ያን ያህል ሰው ተሰብስቦ፣ እርስዎ እዚያ ተቀምጠው!»

አልተቆጡኝም። «ተናገር ብሎ የጠራኝ የለም» አሉ። «መርቅ ተብዬ ተጠራሁ። የወጣቱ ቀን ነው፣ ትልልቆቹ አይናገሩም ተባልን። በምርቃቱ ውስጥ ተናገርኩ። ደጋግሜ ተናገርኩ። እናንተ አሜን አላችሁ።»

«አሁን መጥተው ይንገሯቸው።»

«የመረቅሁትን እንዴት አፈርሳለሁ? ተዉት ብላቸው ሽማግሌው ረገመን ነው የሚሉት። በእርግማን ደግሞ ማን ይሠራል?» ብለው በትራቸውን መሬት ላይ አጋደሙት። «ዱዓ አድርጊ፣ እኔም አደርጋለሁ።»

ከዚያ ቀጥታ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሄድኩ። ኃላፊው ሻይ አዘዘልኝ፤ አልጠጣሁም። ሁሉንም ነገርኩት፤ በሩን፣ መስመሩን፣ ባልዲውን፣ የአዛውንቱን ታሪክ። እስክጨርስ በትዕግሥት ሰማኝ። ከዚያ ስልኩን አወጣና ያን ቪዲዮ ከፈተልኝ። የሣር ጣራው፣ ባለቀለም ወረቀቱ፣ የወጣው እጅ ሁሉ። ወንድሜ ፊት ለፊት ላይ ነው፤ እጁን ከሁሉም ከፍ አድርጓል።

«ማን መረጠው?» አለኝ።

«እርስዎ ያውቁ ነበር?»

«እህቴ፣ እኔ እዚህ ወንበር ላይ የመጣሁት ትናንት ነው። እናንተ ናችሁ ወጣቱ ራሱ ይወስን ያላችሁት። ወሰነ። እኔ አሁን ተነሥቼ ላፍርስባችሁ ብል ኃላፊው የወጣቱን ውሳኔ ሻረ ነው የሚባለው። ወጣቱ ይሰብሰብ፣ ይወያይ፤ እንውጣ ካለ እዘጋለሁ።»

«ከወጡ ሌላ ቦታ ይሰጣቸዋል?»

«አንድ ጊዜ ተጠቃሚ የሆነ ወጣት ሁለተኛ አይመዘገብም። ተራ የሚጠብቀውን ደጅ ላይ አይተሽዋል።»

ለቡድን መሪዋ ደወልኩ። ድምፅዋ ውስጥ ድንጋጤ ነበር፤ እውነተኛ ድንጋጤ። ግን ፕሮጀክቱ ተዘግቷል፣ ሼዱ ለወጣቱ ተላልፏል፣ እሷም ሌላ ክልል ነች። «ባለቤትነቱ አሁን የነሱ ነው» አለችኝ። ባለቤትነት የምትለዋን ቃል ላንጋኖ ላይ በትልቁ ጽፈን ግድግዳ ላይ ለጥፈናት ነበር። እንዲህ ማለት እንደሆነ ያኔ ማን ነገረን?

ስብሰባው ሼዱ ውስጥ ተጠራ። ወንበር ስለሌለ ጎማና ጆንያ ላይ ተቀመጡ። እኔ ሁሉንም ተናገርኩ። የሚያውቁት ነገር ነበር፤ የየራሳቸው ክፍል ውስጥም መስመሩ አለ፤ አንዱ ምንጣፍ አልብሶታል፣ አንዱ የቲማቲም ሳጥን ደርድሮበታል። ማንም አልደነገጠም። ይህ ነው ያስፈራኝ። ከዚያ ወንድሜ ተነሣ። እንደ ላንጋኖው ቀን ቆሞ ነበር የተናገረው፤ ቀልድ ግን አልነበረውም።

«እኔ በዕድሜዬ አንድ ጊዜ ምን ትፈልጋለህ ተባልኩ» አለ። «ተናገርኩ። ያልኩትም ሆነ። በሕይወታችሁ ያላችሁት ነገር ሆኖ ያያችሁ እስቲ ማን አለ? አሁን ተነሥተን ተሳስተናል፣ አንፈልገውም ብንል ሁለተኛ ማን ይጠይቀናል? ወጣቱ የሚፈልገውን አያውቅም ነው የሚሉት። ከኛ በኋላ ላሉትም በር መዝጋት ነው። እኔ አልወጣም።»

ብልህ ንግግር ነበር። ያስተማርነው እኛ ነን፤ እንዲህ ቀጥ ብሎ እንዲናገር። እጅ ይውጣ ተባለ፤ ይቆይ በሚለው ላይ እጁ ሁሉ ወጣ። እኔ የማኅበሩ አባል አይደለሁምና ድምፅ አልነበረኝም።

ክረምቱ ገባ። ከአባሎቹ አንዳንዶቹ ቀን ቀን እየሠሩ ዝናብ ሲመጣ ደጅ መቆም ጀመሩ። ወንድሜ ይህን ሲያይ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? አልጋውን አምጥቶ እዚያው ገባ። ሊቀመንበሩ ከፈራ ሁሉም ይበተናል ብሎ። ወይ አላህ! አባቴ ይህን ሲሰማ ሱቁን ዘግቶ ቤት ገባ። ልጁን ያውቀዋል፣ ሲለምኑት የሚብስበት ነው።

እኔ ፍራሼን ጠቀለልኩ። በአዳማ መናኸሪያ ሚኒባስ ጣራ ላይ ሲያስሩልኝ ረዳቱ «ሙሽራዋ፣ ቡፌውስ?» አለኝ። ከሰዓት በኋላ ደረስኩ። ወንድሜ የፓምፕ አንገት እየበየደ ነበር። ፍራሹን ዘረጋሁት፤ ልክ መስመሩ ላይ፣ መስመሩ አሁን ጣት ያስገባል። ጫማዬን አውልቄ ጋደም አልኩ።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ቤት ገባሁ። አንተ የምትኖርበት እኔስ ለምን አልኖርም?»

ሳቀ። «አበደች» አለና ሥራውን ቀጠለ። ተከትሎ ዝናቡ መጣ። ያ የስምጥ ሸለቆው ዝናብ፣ አስፋልቱን የሚያፈላው። ውሃው በማይዘጋው በር ሥር እየገባ፣ ወለሉን አቋርጦ፣ ፍራሼ ጎን ደርሶ ወደ ታች ይገባ ጀመር። ጆሮዬን ፍራሹ ላይ አድርጌያለሁ። ከሥሬ ሲወርድ ይሰማኛል፤ ሩቅ ነው የሚወርደው። ፈራሁ፣ እንዴት እንደፈራሁ! እግሬ ተነሽ ተነሽ ይለኛል። አልተነሣሁም። ብየዳው ቆመ።

«ተነሽ» አለኝ።

«አልነሣም።»

«በአባዬ ሞት ተነሽ!»

«አባዬንማ ሁለታችንንም በአንድ ቀን ትገድልበታለህ። እኔ አልነሣም።»

መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ቆሞ አየኝ። ዓይኑ ወደ ውሃው፣ ከውሃው ወደኔ። ለራሱ ያልፈራው ልጅ ለኔ ፈራ። ፊቱ ሲለወጥ አየሁት፤ አመድ መሰለ። መፍቻውን አነሣና የሞርሳውን ብሎን መፍታት ጀመረ። ሲፈታ እያለቀሰ ነው፤ እንባውን እኔ እንዳላይ ጀርባውን ሰጠኝ። እኔ የመጨረሻው ብሎን እስኪወጣ ድረስ ከፍራሹ አልተነሣሁም። ማሽኑን፣ ሞርሳውን፣ አልጋውን ወደ ሻይ ቤቱ ጀርባ አሻገርን። ጓደኞቹ ከየበራቸው ቆመው አዩን። አንዱ «ሊቀመንበር፣ አንተ ነህ አይዟችሁ ያልከን» አለው። ወንድሜ የአልጋውን ጫፍ አንሥቶ አለፈ።

ከሳምንት በኋላ የቀረ ብረት ልንወስድ ተመለስን። እሱ ወደዚያ አልጠጋም ብሎ አስፋልቱ ዳር ቆመ፤ እኔ ገባሁ። ክፍሉ ተጠርጓል። ግድግዳው ላይ አዲስ ኖራ ተቀብቷል። መሐል ላይ የስፌት ማሽን ቆሟል፤ አንዲት ወጣት ሴት ፔዳሉን በእግሯ እየረገጠች የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። ካርቶን ውስጥ አንድ ሕፃን ተኝቷል። ካርቶኑ የተቀመጠው መስመሩ ላይ ነው።

ማን እንደሆንኩ ስነግራት ተነሥታ አቀፈችኝ። «አንቺ ነሽ! ጌታ ይባርክሽ» አለችኝ። «ስንት ዓመት ጸልዬበታለሁ መሰለሽ። ወንድምሽ ባይለቅ መቼ ይደርሰኝ ነበር?»

ካርቶኑን አየሁ። «ወለሉን... ነግረውሻል?»

«ነግረውኛል፣ ሁሉም ነግሮኛል» አለች። «አስፈርመውኛልም፣ በራሴ ምርጫ ነው የገባሁት ብዬ። ሌላ የት አለኝ፣ እህቴ?» ወደ ማሽኑ ተመለሰችና ክሩን በጥርሷ በጠሰች። ሰማዩ ከዝዋይ በኩል ጠቁሯል። ደጅ ወንድሜ ዝናቡ ሊይዘን ነው፣ ነይ እያለ ይጠራኛል።

ሕፃኑን አንሥቼ፣ ከነካርቶኑ፣ ወደ በሩ አቀረብኩት። እሷ ከማሽኑ ቀና ብላ አየችኝ። ልወጣ ስል ጠራችኝ።

«አዳማ ሱቅ አላችሁ አሉ፤ የሚያሰፋ ሰው ካገኘሽ ወደኔ ላኪልኝ፣ እሺ?»

«እሺ» አልኳት።